አልፈሽኝ ሄድሽ

በቀደም ዕለት እዚህ ጅቡቲ፣ ባልባላ መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። አንድ ተሳቢ ከላይ ፒኬ ዱዝ ከሚባለው ሰፈር በኩል እየተንቀራፈፈ ወርዶ አጠገቤ ሲደርስ ከጎማዎቹ መሀል ነጭ ጭስ ብቅ አለ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየት አደረገውና ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልቁል ወደ ወደቡ ቀጠለ። እኔ ግን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቋ ሙቀቱ የመታኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። አመስግኜ ጠጣሁ። ሙቀቱ እንዳልሆነ ላስረዳት አልሞከርኩም፤ ዛሬ ዛሬ ብዙ ነገር ለማስረዳት አቅሙ የለኝም። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የብረትና የጎማ ሽታ ነው። እኔን ግን ወደ አንድ ቀን ይመልሰኛል፤ ከዚያም ቀን በኋላ ወደመጡት ረጃጅም ዓመታት።

ባለቤቴ ተሾመ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የአገራችን ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ በዞረ ሰሞን እሱ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ሆነ። እኔም አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ በር በር ከማይ ብዬ የስፌት መኪናዬን ጭነቱ ላይ አስጭኜ ተከተልኩት። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ሰማያዊ በር ያላት አንድ ክፍል ተከራየን። ያን ጊዜ ባጌት ዳቦ ሃያ ፍራንክ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ትኩሱን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን እየቆረስን እንመጣለን፤ ቤት ስንደርስ ግማሹ የለም። ሱማሌዎቹ ድራዕ የሚሉትን ስስ ቀሚስ እሰፋ ነበር። ጨርቁ ከዱባይ በጥቅል ይመጣል፤ አንድ ዓመት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ብርቱካናማ ለበሰች፣ በዓመቱ ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ከቀትር በኋላ ጫቱ ሲገባ ከተማው በክላክስ ይናወጣል፤ ከዚያ ሁሉም ይጋደማል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ እኔና ቬንቲላተሬ፣ ያቺ የነፋስ ማራገቢያ፣ ብቻ እንቀራለን። ተሾመ ሲመጣ ገና ከማዕዘኑ በቴፑ ዐውቀዋለሁ። አንድ የክራር ካሴት ነበረው፤ ከጋቢናው ሙቀት የተነሣ ክሩ ላልቶ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይጎተታል። እንደዚያ ስለለመድነው ከዓመታት በኋላ ደህናውን ካሴት ስንሰማ ለሁለታችንም አልጣመንም።

እኔ ሰው ለማዳን ያለኝ ዕውቀት ከመርፌ ቁስል አያልፍም ነበር። ጅቡቲ በሙቀት በምትነድበት በሐምሌ አንድ ቀን ግን ከምሰፋባት ክፍላችን ፊት ለፊት አንድ ሸክም ተሸካሚ ከነጆንያው ወደቀ። ከበብነው። አንዱ አፉ ውስጥ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ በጥፊ ይመታዋል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ቆሜ "ወይኔ! ወይኔ!" እላለሁ። አንዲት ረጅም፣ ጠይም፣ ሽበታም ሴት ሕዝቡን በክርኗ ገፍታ ገባች። ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች፤ ማዳም ካድራ ይሏታል። ሱማሌ ናት፤ ልጅነቷ ግን ድሬዳዋ ስለነበረ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ውሃውን ከሚያፈሰው ሰው እጅ ነጥቃ የወደቀው ሰው ደረት ላይ ደፋችው፣ ሸሚዙን ቀደደችው፣ ወደ ጥላ አስጎተተችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ባለ መቀስ! ጨርቅ አምጪ፣ አርጥቢው፣ አራግቢ። ወይኔ ማለት ቀብር ላይ ይደርሳል።"

አምቡላንስ ያን ጊዜ ጥቂት ነበር፣ ከተማውም ጠባብ ነው። ሲደርስ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ስለ ጆንያው ይጠይቅ ነበር። ማዳም ካድራ ላቧን እየጠረገች "ሐሙስ ከሰዓት ነይ፤ አስተምርሻለሁ" አለችኝ። ሄድኩ። አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለሕፃን በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ሰባት ስምንት ሰው ተቀመጥን። ዓሣ ሻጭ ነበረ፣ የመስጊድ ጠባቂ ነበረ፣ ሁመድ የሚባል አፋር የሚኒባስ ሹፌርም ነበረ፤ ኋላ እንደ ወንድም የሆነኝ እሱ ነው። ቁስል ማሰሪያውን ባለ ሦስት ማዕዘን እያደረግሁ ከአቡጀዲ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱና ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛትን እዚያ ተማርን። ማዳም ካድራ በየሐሙሱ ሳትሰለች የምትደግመው ነገር ነበራት፦ "አደጋ ቦታ ስትደርሱ ጆሯችሁ ያታልላችኋል። የሚጮኸው ይተነፍሳል። መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሂዱ።"

ተሾመ በመጀመሪያው ጊዜ ይኮራብኝ ነበር። ሹፌሮች ቤት ሲመጡ "ሚስቴ ሰኩሪስት ናት" ይላል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ማለቱ ነው፤ በፈረንሳይኛው መጠራቱ ደስ ይለዋል። ከሰፋሁት ማሰሪያ አንዱን ጋቢናው ውስጥ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን አንጠልጥሎት ነበር። ዓሣ አጥንት ያነቀው፣ ላምባ የጠጣ ሕፃን፣ ከጀልባ ወርዶ በእግሩ መቆም ያቃተው፣ ሁሉም ወደ ሰማያዊዋ በር ይላክ ጀመር። እራት ላይ ሆነን ስጠራ ተሾመ ራሱ ቦርሳዬን ያቀብለኝ ነበር።

ያ ቀን ሲመጣ ከምሲኑ፣ አሸዋ የሚያመጣው ትኩስ ነፋስ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ነፍሶ ነበር። ተሾመ ሰሊጥ ጭኖ እንደሚገባ ስለማውቅ እንደ ልማዴ ባልባላ ወጥቼ ጠበቅሁት። ሁልጊዜ እዚያ ይቆምልኛል፤ ጋቢናው ላይ ተሰቅዬ አብረን ወደ ከተማ እንወርዳለን። ሁመድም ሚኒባሱን አቁሞ ተሳፋሪ ይጠራል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ቆርቆሮ ሱቅ ነበረች፤ ጥላዋ ሥር የእኛ አገር ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወደ ኦቦክ ወደብ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ከዚያ ባሕሩን ወደ የመን የሚሻገሩ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያያሉ። ከመሀላቸው ቢጫ ሻሽ ያሰረች አንዲት የሃያ ዓመት ግድም ልጅ ሳቅ ስትል አየኋትና፣ በዚህ ሙቀት የምትስቀው በምኑ ነው ብዬ ገረመኝ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ የማያቋርጥ ክላክስ። ቀና ስል የተሾመ መኪና ቁልቁለቱን በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል፤ ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ፍሬኑ አልያዘለትም። ከፊቱ ሰው የሞላበት የሁመድ ሚኒባስ ቆሟል። ተሾመ መሪውን ጠመዘዘ። ሚኒባሱን ለጥቂት አልፎ ማዶ ከነበረው የድንጋይ ግንብ ጋር ተጋጨ፤ ተሳቢው ተወርውሮ የቆርቆሮ ሱቋን ከሥሯ ነቀላት። ከዚያ ለአንድ አፍታ ጸጥታ ሆነ፤ የሰሊጡ መፍሰስ ብቻ እንደ ዝናብ ይሰማ ነበር።

ከዚያ "ወይንሸት! ወይንሸት!" እያለ ተሾመ ስሜን ከጋቢናው ሲጠራ ሰማሁ።

ጋቢናው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እግሩ ከመሪው ሥር በብረቱ ተይዟል፤ ሱሪው በደም ርሷል። ዓይኑ ግን ያየኛል፣ ደሙም የሚፈናጠቅ አልነበረም። እጄን ጨብጦ "እግሬን፣ ወይኒ፣ እግሬን!" አለኝ። ያን ጊዜ ሁመድ ከኋላዬ ተጣራ። ቆርቆሮውን አንሥቶታል። ዘወር ብዬ ስመለከት ቢጫው ሻሽ መሬት ላይ ወድቋል፤ ልጅቷ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ አንድም ድምፅ አታሰማም።

የሐሙሱ ትምህርት ትዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ ነበር። ምንም አልታወሰኝም። እጄ ብቻ ከባሌ እጅ ወጣ። "መጣሁ፣ ቆየኝ" አልኩት።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለ። እንደ ሕፃን ነበር ያለው።

ወረድኩ። ልጅቷ ጋ ተንበርክኬ ጆሮዬን አፏ ላይ ሳስጠጋ ትንፋሿ ደም ውስጥ ይንፎለፎላል። ሁመድ ራሷን ከአንገቷ ጋር አስተካክሎ ያዘ፤ እኔ ትከሻዋንና ዳሌዋን ይዤ አብረን በጎኗ መለስናት። ከአፏ ደም ፈሰሰ። ከዚያ አየር ስትስብ ሰማሁ። አገጯን ወደ ፊት እንደያዝኩ፣ ሌላውን እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዋ ሲወጣና ሲወርድ ቆጠርኩ። አገጯን ለቀቅ ሳደርገው ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ መልቀቅ አልቻልኩም። ሰው አምቡላንስ ጠርቷል፤ ግን ጫቱ የሚገባበት ሰዓት ነበር፣ መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘግቷል። ከእኔ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ባሌ ይጠራኛል።

"ሁመድ፣ እሱ ጋ ሂድ። ማሰሪያ ጋቢናው ውስጥ ተንጠልጥሏል" አልኩ።

"የእሷን ራስ ማን ይያዝ?"

"በጉልበቴ እይዛለሁ። ሂድ!"

ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሞተ ብዬ ነው ያሰብኩት። ለአንድ ሰኮንድ እንኳ ዘወር ብዬ አላየሁም፤ ዘወር ካልኩ እጄ እንደሚከተለኝ ዐውቄ ነበር። ላቤ ልጅቷ ፀጉር ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰሊጡ ጉልበቴ ሥር ይፈጫል። ስሟን እንኳ አላውቅም። ጠላኋት። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋት፤ እጄ ግን አልላላም።

አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያው የእሷን አገጭ ከእጄ ተረከበኝ። ሮጥኩ። ተሾመ አልሞተም ነበር። ሁመድ እግሩን አስሮለት፣ ሹፌሮች በብረት ጎማ መፍቻ ብረቱን ፈልቅቀው አውጥተውት፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። እጁን ልይዘው ስል ሰበሰበው።

"አልፈሽኝ ሄድሽ" አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

እግሩ ተረፈ፣ ጉልበቱ ግን ደረቀ። ከዚያ በኋላ መኪና አልነዳም። ወደቡ አጠገብ አንድ የጭነት ግቢ ውስጥ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ሌሎች ሹፌሮች ሲገቡና ሲወጡ በር ይከፍታል። ያን ሰሞን እኔ እሱና ልጅቷ በተኙባቸው ሁለት ሆስፒታሎች መሀል ለሳምንታት ተመላለስኩ። ልጅቷ ሐዋ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ነች፤ መንጋጋዋ ተሰብሮ ስለታሰረ በዓይኗ ብቻ ነበር የምታዋየኝ። አፏ ሲፈታ ሰፈሬንና ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ጉዳዩን እሷ ተኝታ ሳለች ሽማግሌዎች ከአገሯ ልጆች ጋር ይዘው በዕርቅ ጨረሱት። ድና፣ የሰፋሁላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ባሕሩን ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ።

ቤታችን ውስጥ ግን ነገሩ አላለቀም። ተሾመ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እሱ ጨዋታ አደረገው። እንግዳ ሲመጣ እየሳቀ "ሚስቴ ለሰው ሁሉ ደራሽ ናት፤ ከእኔ በቀር" ይላል። እንግዳውም ይስቃል። እኔ ሳህኑን አነሣለሁ። አንድ ቀን፣ ያቺ ልጅ ሞታ ቢሆን አንተ ዛሬ የት ነበርክ፣ ሰው ገድለህ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር ወይ ብዬ ልጮኽበት አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው ከነገሩት ዕዳ እንዳስታወሱት ነው። አልጋችን አንድ ነበር፤ መሀላችን ላይ ግን እሱ የደረቀ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፣ እኔ ግድግዳው ጥግ። ላለመንካት እንጠነቀቅ ነበር፤ መጀመሪያ እንዳያመው ብለን፣ በኋላ ስለለመድነው።

ማዳም ካድራ ጋ ሄጄ "ልክ ነበርኩ ወይ?" አልኳት። ሄሮን ሰፈር በኩል ባሕሩ ዳር እየሄድን ነበር፤ ምሽት ሲቃረብ እዚያ ትንሽ ነፋስ ይገኛል።

"ልክ ነበርሽ" አለች። "ልክ መሆን ግን እራት አይሆንም፣ ወይኒ። እኔም ብቻዬን ነው የምበላው።"

ለአንድ ዓመት ያህል ቦርሳዬን ሰቀልኩት። ከዚያ የጎረቤት አሮጊት ወደቁና ማን ሰቀለው ማን አወረደው ሳልል ይዤው ሮጥኩ። ቀጠልኩ። ግን የበፊቷ ሴትዮ አልነበርኩም፤ ሰው ባዳንኩ ቁጥር ደስታ ሳይሆን ድካም ይሰማኛል፣ ሰው ባመለጠኝም ቁጥር እንደዚያው። ማዳም ካድራ አረፈች። ሁመድ ሚኒባሱን ሸጦ ታጁራ፣ ወደ ወገኖቹ ገባ። የሐሙሱ ክፍል ውስጥ ሌላ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። ዛሬ ባቡሩ ሰውን ማቀዝቀዣ ባለው ፉርጎ አሳፍሮ ናጋድ ጣቢያ ያመጣል፤ ወጣቶቹ እጃቸው ላይ ስልክ አላቸው፤ አምቡላንሱም ከዱሮው ይሻላል ይላሉ። ይሻል። እኔ ለመወዳደር አልመጣሁም።

የመን በታወከ ጊዜ ሰዉ በጀልባ ወዲህ መሻገር ጀመረ። በዚያ ሰሞን በአንዱ ቀን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ተሾመ ደጃፉ አጠገብ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበርና ከፈተ። እኔ ከኋላ ባስጨመርናት ጓዳ ውስጥ ልብስ እየዘፈዘፍኩ ነው።

"ሰላም አለይኩም፣ አባባ። የእትዬ ወይንሸት ቤት ነው?" አለች የሴት ድምፅ።

"ነው። ምን ታመመብሽ?"

"አልታመምኩም፣ አልሐምዱሊላህ። ላመሰግናት ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ባልባላ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦብኝ እሷ ናት ያተረፈችኝ።"

እጄን ከውሃው ሳላወጣ ቆምኩ። ተሾመ "ተቀመጪ" ሲል ሰማሁ፣ ወንበሩም ሲሳብ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ምናልባት ነግራዎት ይሆናል" አለች። "ያን ዕለት የሚጮኽ ሰው ነበረ። እንደ ሕልም ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እትዬን ሆስፒታል ስጠይቃት ወሬውን ትቀይራለች። እዚያ ማዶ፣ የመን፣ ሰው ቤት ወለል ሳጥብ፣ እሷ እኔን ይዛ ያ ሰው ሞቶ ይሆን እንዴ እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ መሰልዎት። ተርፏል?"

"ተርፏል" አለ ተሾመ። "እኔ ነኝ።"

በበሩ ስንጥቅ ተመለከትኩ። ሐዋ ወፍራለች፣ ጥቁር ለብሳለች፤ መንጋጋዋ በአንድ በኩል ጎበጥ ይላል። የተዘረጋውን እግሩን አየችው። ከወንበሯ ወርዳ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል በሁለት እጁ ትከሻዋን ያዛት።

"ተይ! ተይ፣ ልጄ! የመታሁሽ እኔ ነኝ። መኪናው የእኔ ነው። ጉልበት መሳም ያለብኝ እኔ ነኝ።"

"ፍሬን ነው አሉኝ እኮ። አላህ የጻፈው ነው። አብሽር፣ አባባ።"

"እሷ ባለቤቴ ናት" አለ ተሾመ፣ ያልተጠየቀውን። "እየጠራኋት ነው ወዳንቺ የሄደችው።" ከዚያ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እግሩ ሲሰበርም አላለቀሰም።

ወጣሁ። ከሐዋ ጋር ተቃቅፈን የሆንነውን መናገር አልችልም። ከባሕሩ ማዶ ያሳለፈችውን ሁሉ አልነገረችንም፤ የነገረችን ይበቃ ነበር። ሩዝ ሠርቼ አብረን በላን። ወደ አገሯ የሚሄድ አውቶቡስ ስላለባት ተሾመ እያነከሰ እስከ ማዕዘኑ ሸኛት፤ ከዚያ በፊት ሰው ሸኝቶ አያውቅም ነበር።

ሲመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በሩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቀስ ብሎ ወረደና በጀርባው ተጋደመ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት ደንግጬ።

"ምንም። ምን እንዳደረግሻት አሳዪኝ።"

ተንበርክኬ አንድ ክንዱን ዘረጋሁ፣ ደህነኛውን ጉልበቱን አጠፍኩ፣ ትከሻውንና ዳሌውን ይዤ ወደ ጎኑ መለስኩት። ከብዷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። አገጩን ቀና አደረግሁለት። ጢሙ ሸካራ ነበር።

"ይኸው ነው" አልኩ። "ሌላ ምንም አላደረግሁም።"

"መተንፈሷን በምን ዐወቅሽ?"

"እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ።"

"አድርጊው እስቲ" አለኝ።

እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ጀርባው ይወጣል፣ ይወርዳል። ውጪ የሚኒባስ ረዳቶች "ባልባላ! ባልባላ!" እያሉ ይጣራሉ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ አላነሣሁትም፤ እሱም ተነሽ አላለኝም።